ማድመቅና ማጥበቅ

ሙግቴን የምጀምረው ከመስኮቴ ነው። መስኮት ስል የባንክ መስኮት ማለቴ ነው፤ ከመስታወቱ ወዲህ እኔ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሰልፈኛው። በአንድ የጥር ማለዳ ከሀብሩ፣ ከጊራና በኩል የመጡ አንድ አባት ስልካቸውን በመስታወቱ ሥር ባለችው ክፍተት አሾልከው ሰጡኝና «ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ፤ ገንዘቡ እስካሁን አልገባም» አሉኝ። በቴሌግራም የመጣ መልእክት ነው። ከአናቱ በደማቅ ፊደል «እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ አሁንም በደማቁ፣ የሽልማቱ ገንዘብ ተጽፏል። ከዚያም በደማቁ «የሚስጥር ቁጥርዎን አሁኑኑ ይላኩ» የሚል ትእዛዝ አለ። በቀጭኑ የተጻፈችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ መልእክቱ ከየት እንደተላለፈ የምትናገረዋ። ማንም የማያውቀው ስም ነበረባት። እኚህ አባት የደመቀውን በሙሉ በልጅ ልጃቸው አስነብበው፣ የታዘዙትን ፈጽመው፣ ሽልማታቸውን ሊወስዱ መምጣታቸው ነበር። የዓመት የማንጎና የብርቱካን ሽያጫቸው ግን ከሂሳባቸው ከወጣ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

የሆነውን ስነግራቸው አልጮኹም። ስልካቸውን ተቀብለው ጥቂት አዩትና «እንዲህ ደምቆ የተጻፈ ነገር ሐሰት ይሆናል ብዬ በምን ልጠርጥር?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ያድራል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። የምከሰው ግን አጭበርባሪውን አይደለም፤ እሱን የሚከስ ሕግ አለ። የምከሰው እኛን ነው፤ ጽሑፍ እንወዳለን የምንለውን፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ግጥምና መጣጥፍ የምንለጥፈውን፣ ከሦስት መስመር ሁለቱን ካላደመቅን የተነበብን የማይመስለንን። ለአጭበርባሪው ገበያውን ያቀናንለት እኛ ነንና። የደመቀው ሁሉ እውነት፣ ያልደመቀው ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ እንዲያነብ ሕዝቡን ያስለመድነው እኛው ነን።

ለመሆኑ ማድመቅ ምንድን ነው? ብዙዎች አንድን ቃል ከፍ ማድረግ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው እላለሁ። አንድ መስመር ሲደምቅ ዓይን ወደዚያ ይሮጣል፤ ዓይን ወደዚያ ሲሮጥ የቀረው ገጽ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚያደምቅ ሰው ሁሉ፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ የሚያደበዝዘውን እየመረጠ ነው። ለዚያ መልእክት ላኪ ይህ ምሥጢር ግልጽ ነበር። የደበዘዘችው መስመር ልታድን የምትችለው መስመር ነበረች።

በእኛ ሥራ ደማቅ ጽሑፍ የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነገር ነው። ቼክ ጽፎ የሚያውቅ ይመስክር። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በአኃዝ፣ አንድ ጊዜ በፊደል። ባንክ የሚያምነው የሁለቱን መስማማት ነው። አንዱ አኃዝ ተደግሞበት፣ ከጎረቤቶቹ ወፍሮና ጠቁሮ ከታየ «ተደልዟል» ብለን እንመልሰዋለን። እንግዲህ አስቡት፤ ከመስታወቱ ወዲህ ወፍሮ የተጻፈ ምልክት የማጭበርበር ጥርጣሬ ያስነሣል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ግን የእውነት ማኅተም ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ፤ ነገሩ አስገራሚ ነውና። ቴሌግራም ላይ ቃሉን በሁለት ሁለት ኮከብ፣ ዋትሳፕ ላይ በአንድ አንድ ኮከብ መክበብ ይበቃል። የፌስቡክ ተራ ልጥፍ ግን ለረጅም ዘመን ይህ አልተሰጠውም። ስለዚህ ሰዎች መላ ዘየዱ፤ ጽሑፍን ወደ ደማቅ የሚለውጡ ገጾች ተከፈቱ። እነዚህ ገጾች ፊደሉን አያደምቁትም፤ በሌላ ፊደል ይተኩታል። የሚተኩባቸው ምልክቶች በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሒሳብ ሊቃውንት ቀመር መጻፊያ የተጨመሩ የላቲንና የግሪክ ሆሄያትና አኃዞች ናቸው። ለሰው ዓይን ደማቅ ፊደል ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን የቀመር ምልክት ናቸው። ከዚህ የተነሣ ዓይነ ስውር አንባቢ በሚጠቀምበት፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ሲነበቡ ወይ «የሒሳብ ደማቅ እንዲህ» እየተባለ ፊደል በፊደል ይቆጠራሉ፣ ወይ ጨርሶ ይዘለላሉ። ለሚያየው ጎልቶ የወጣው ርእስ ለማያየው የለም ማለት ነው።

የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ አንድ መልክ ብቻ ይዞ ገባ። የሒሳብ ደማቅ መንትያ አልተፈጠረለትም። ይህን ብዙዎች እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ እንደ በረከት አየዋለሁ። ግን በረከቱን አልተቀበልነውም። ማድመቅ ሲያቅተን በቀይ ክብ ከበብነው፣ በጣት ምልክት ጠቆምነው፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደርንበት፣ «ሰበር» አልንበት። አንዳንዱማ ለማድመቅ ሲል አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ።

በቴሌግራም እውነተኛው ማድመቂያ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ፊደላችን ደቃቅ ነው፤ ትርጉሙ ያለው በእግሩ፣ በጉልበቱና በቀለበቱ ነው። ሣልስና ኃምስ የሚለዩት በእግር ጫፍ ባለች ጭረትና በእግር ጫፍ ባለች ቀለበት ነው። ለማድመቂያ ተብሎ በወጉ ያልተቀረጸ ፊደል በግድ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈናለች። «ሂዱ» እና «ሄዱ» በትንሽ ስልክ ላይ አንድ ይሆናሉ። አንዱ ትእዛዝ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። ይህን ምሳሌ አንባቢ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተከራካሪ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «አባቶቻችንስ ቀይ ቀለም ይጠቀሙ አልነበረም? ብራናው ሁሉ ቀይና ጥቁር አይደለም?» ይለኛል። እውነት ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ያልፋል፤ በዚያ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተጠብቆ ኖሯል። ከወልድያ ወደ ላስታ የሚወጣም ላሊበላን ያገኛል። ብራና ያለበት አገር ልጆች ነን። በወሎ መድረሳዎች በእጅ የተገለበጡት የዐረብኛና የዐጀም መጻሕፍትም ርእሱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር መለየት ያውቃሉ።

ነገር ግን ቀዩ ቀለም ለማን እንደዋለ እንጠይቅ። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሱ ስም፣ የምዕራፉ መጀመሪያ፤ ከዚያም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም፣ እንዲጸለይለት። ሕጉ የታወቀ ነው። ጸሐፊው በራሱ ሐሳብ ተደንቆ የራሱን ዐረፍተ ነገር በቀይ አይጽፍም። ቀይ ለመጻፍ ብርዑን መለወጥ፣ ከአንዱ የቀለም ቀንድ ወደ ሌላው መዞር ነበረበት፤ አንዳንዴም ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፍና ቀዩን ኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። ተመልሶ ሳይሞላው የቀረ ባዶ ስፍራ በጥንታዊ ብራና ላይ ይታያል። ያ ቀለም ድካም ነበረው፣ ወሰንም ነበረው። የእኛ ድምቀት ግን በአንድ መዳሰስ ይገኛል፤ ዋጋ ስለማያስከፍል ወሰን የለውም፤ የሚያከብረውም ስም የለውም፤ «እዩኝ» ብቻ ነው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? እኛም ፊደላችንን ይዘን እንዲህ ያለ ገበያ ወጣን።

አባቶች ድምፅ ማንሣትና መጣል አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ያውቁ ነበር። በግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ አለ፤ ተማሪው ቃሉን አይቶ የት ድምፁን እንደሚያነሣ የት እንደሚጥል በጆሮው ይማራል። በዜማ መጻሕፍት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ አሉ። እነዚህ ምልክቶች ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡ ደቃቅ ጭረቶችና ነጥቦች ናቸው። ትልቁን ድምፅ የሚያዝዙት ከገጹ ሁሉ ያነሱት ምልክቶች ናቸው ማለት ነው።

አማርኛችንስ? አማርኛ ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የለውም። ንጉሥም ለማኝም፣ ወልድያም አንዲት ጎጆም በአንድ ቁመት ይጻፋሉ። የቋንቋው ኃይል ያለው በማድመቅ ሳይሆን በማጥበቅ ነው። «ይመታል» ብላችሁ ጻፉ። ላልቶ ሲነበብ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። በዳይና ተበዳይ በአንድ ዓይነት አራት ፊደል ተጽፈው የሚለያቸው የአንባቢው ምላስ ነው። «ገና» ስትሉ በዓል ይሁን መዘግየት የሚነግራችሁ ዐረፍተ ነገሩ ነው። ይህ ጽሕፈት ለብዙ መቶ ዓመታት አንባቢውን አምኖ ኖሯል። «አንተ ታውቀዋለህ» እያለው ኖሯል። የሚያደምቅ ጸሐፊ ግን አንባቢውን «አንተ አታውቀውም፣ እኔ ላሳይህ» ይለዋል።

ማጉላት ያሻው ሰው ሰዋስው ሞልቶለታል። «ገንዘቡን እሱ ወሰደ» ከማለት «ገንዘቡን የወሰደው እሱ ነው» ማለት ይችላል፤ ጣት ሳይቀስር ጣት ቀሰረ። «እሱማ» ሲል ፌዝ አለበት፣ «እሱ እንኳ» ሲል መደነቅ አለበት፣ «መጣኮ» ሲል ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው አለበት። ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ቢያስቀምጠው ይከብዳል፤ ከፊቱ አጭር ዝምታ ቢያኖርለት ይበልጥ ይከብዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አገሬው ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ሬዲዮ ፊደል አያደምቅም። ጉዱ ካሣን ግን ማን ረሳው? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ መጽሐፉ ከገበያ እስኪሰበሰብ ድረስ ያስደነገጠው በፊደሉ ውፍረት አልነበረም።

አሁን ወደ «ሂዱ» እና «ሄዱ» ልመለስ።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። እኔ ከመስመሩ ማዶ ቀረሁ፤ እናቴ ሀብሩ ቀረች። በእነዚያ ወራት የአገሬን ስም እንደዚያ ደምቆ አይቼው አላውቅም። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ «ሰበር» ይባላል፤ ጠዋት ነፃ ወጣች፣ ቀትር ላይ ተያዘች፣ ማታ እንደገና ነፃ ወጣች። ሁሉም ደማቅ፣ ሁሉም በቀይ የተከበበ፣ ሁሉም በቃለ አጋኖ የታጠረ። ከተማይቱን ለቀው ወጡ ይሁን ለቃችሁ ውጡ፣ ሄዱ ይሁን ሂዱ፣ መለየት እስኪያቅተን ድረስ። በዚያ ድምቀት ተነሥቶ መንገድ የገባ አለ፤ በዚያ ድምቀት ተዘናግቶ የቀረ አለ። ከጻፉት መካከል ግን ኋላ ተመልሶ፣ በዚያው ውፍረት «ተሳስቼ ነበር» ብሎ የጻፈ አላየሁም። እርማት ሁልጊዜ ቀጭን ነው።

በኅዳር ወር አንዲት የሰፈራችን ነጋዴ ሴት በእግሯ ተጉዛ ኔትወርክ ካለበት ደረሰችና አጭር መልእክት ላከችልኝ። «እናትህ ደህና ናቸው። ላሟ ተሸጣለች። ሰላም ብለውሃል።» ይኸው ነው። ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት አራት ነጥብ። የደመቀ ነገር የለበትም፤ የተጋነነ ነገር የለበትም። በሕይወቴ ብዙ ግጥም አንብቤያለሁ፤ እንደዚያች መልእክት ደጋግሜ ያነበብኩት የለም። «ደህና ናቸው» የምትለውን አምኜ እንድቀበል ያደረገችኝ «ላሟ ተሸጣለች» የምትለው ናት። የሚዋሽ ሰው ላሟን አይሸጣትም፤ ሁሉንም ደህና ያደርገዋል። ስለ ጽሑፍ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ እውነትን ጎላ የሚያደርጋት አጠገቧ የሚቀመጠው ዝርዝር ነው።

ስለ ሌላው ስናገር ራሴን ነፃ እንዳላወጣ ደግሞ ኑዛዜ ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሥር መስመር ግጥም ጽፌ በቴሌግራም ለቀቅሁ። የመጨረሻዋን መስመር አደመቅኋት፤ ወርቁ ያለው እዚያ ነበርና እንዳያመልጥ ሰጋሁ። ሰው ወደደልኝ፣ ተቀባበለልኝ። ይቀባበል የነበረው ግን ያች መስመር ብቻ ነበረች፤ ዘጠኙ መንገድ ላይ ቀሩ። በኋላ ቅኔ ቤት ያደጉ አንድ የመርሳ አባት በልጃቸው ስልክ አስነብበው ኖሯል፣ ሳገኛቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ወርቁን አንተው አውጥተህ ካሳየኸኝ እኔ ሰሙን ምን ላድርገው?» አሉኝ። አፈርኩ። ሰምና ወርቅ ማለት አንባቢ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን በገዛ እሳቱ የሚያወጣበት ጥበብ ነው። የማውጣቱ ደስታ የአንባቢው ድርሻ ነው። እኔ ያንን ድርሻ ሰርቄበት ነበር። የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ የሰው ድርሻ መውሰድ ምን እንደሚባል ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

«ዘመኑ የችኮላ ነው፤ ካላደመቅህ አትነበብም» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ችኩል አንባቢ የደመቀውን አይቶ ያልፋል እንጂ አያነብም። በማየትና በማንበብ መካከል ያለውን ልዩነት የጊራናው አባት በዓመት ሽያጫቸው ከፍለው ተምረውታል። ደግሞም ሁሉም ሲያደምቅ ማንም አይታይም። አገራችን ሽምግልና ያውቃል፤ በአበጋሮች ፊት የተቀመጠ ሰው ማን እንደሚደመጥ ያውቃል። ጉባኤው ሲንጫጫ ዝግ ብሎ የሚናገረው ሽማግሌ ሲጀምር ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቀናል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከአንጀት የተጻፈም ሰሚ አይገድመውም።

ጨርሶ ይጥፋ አልልም። የቀብር ሰዓት፣ የመድኃኒት መጠን፣ የጠፋ ልጅ ስም፣ «ይህ መንገድ ተዘግቷል» የሚል ማስታወቂያ ይድመቅ። እነዚህ እንደ ብራናው ቀይ ናቸው፤ የሚያገለግሉት ሰው አላቸው፣ ወሰንም አላቸው። ግጥምና መጣጥፍ ግን በራሳቸው እግር ይቁሙ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይደምቅ መቆም ካልቻለ የሚያስፈልገው ቀለም አይደለም፤ እንደገና መጻፍ ነው። እኔ ለራሴ ይህን ሕግ አውጥቻለሁ። ጣቴ ወደ ማድመቂያው ሲሄድ ቆም እላለሁ፤ ያን መስመር አንሥቼ እጠይቀዋለሁ፤ «ብትጠብቅ አይሻልህም?» አብዛኛውን ጊዜ ይሻለዋል።

ለእኚያ አባት ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁም። በምን ልጠርጥር ነበር ያሉኝ። ምናልባት መልሱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው፤ ድምቀትን እንደገና ብርቅ ካደረግነው፣ በከንቱ ሲደምቅ ያየ ሰው ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። እስከዚያው ድረስ በጉዳዩ የቋጠርኳትን ስንኝ አኑሬ ልሰናበት።

ቀለሙን ሲያወፍር ቃሉ የሳሳበት፣
ጎተራው ባዶ ነው፣ አጥሩ ያማረበት።
እህል ያለው ጎታ በጭቃ ተለስኖ፣
ክረምት ያሻግራል ሰው ሳይጠራ ታምኖ።
ፊደሌ ሆይ ጥበቅ፤ ደምቀህ ግን አትታይ፣
ወርቁ ተቆፍሮ ነው፣ አይለቀምም ላይ ላይ።

ቸር እንሰንብት።